የማሽላ እንጀራ በሐርጌሳ፤ ጉድጓዱ፥ ወፍጮውና ምጣዱ

በሐርጌሳ ከተማ ጧት ጧት በየቤቱ የሚጋገረው እንጀራ ለሖሕ ይባላል። የእኛን እንጀራ ይመስላል፤ ነገር ግን ስፋቱ ያነሰ ነው፤ ምጣድ የሚነካውም እንደ እኛው በአንድ ፊቱ ብቻ ነው። በደቡብ ያሉት ሱማሌዎች ዐንጄሮ ይሉታል፤ ከባሕር ማዶ በየመንም በዚሁ በለሖሕ ስም ይታወቃል። ቅቤና ስኳር ወይም ማር ፈሶበት፥ አለዚያም በሰሊጥ ዘይት ርሶ ከሻይ ጋራ ለቍርስ ይቀርባል። አቅም ያለው ቤት የተጠበሰ ጉበት ይጨምርበታል።

ይህ እንጀራ ከምን እኽል ይጋገራል ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሁለት መልስ ያገኛል። ጥንቱን ዱቄቱ የማሽላ ነበር፤ ማሽላውንም በሰሜን ያሉት ሱማሌዎች ሀዱድ ይሉታል። ዛሬ ግን በብዙ የከተማ ቤት ዱቄቱ በመርከብ ተጭኖ በበርበራ ወደብ የሚገባው ነጭ የስንዴ ዱቄት ነው፤ ማሽላው ቢገባበትም በጥቂቱ ነው። ሆኖም ከከተማዪቱ በስተምዕራብ፥ በመኪና ከአንድ ሰዓት ብዙም በማያልፍ መንገድ፥ በአረብሲዮና በገቢሌ በኩል እስከ ወጃሌ ድንበር ድረስ የማሽላ ማሳ ተዘርግቶ ይታያል። እኽሉ ቅርብ ሆኖ ሳለ እንጀራው ከሩቅ አገር ስንዴ የሚጋገርበት ምክንያት ምንድን ነው? ይህ ትምህርት ይህን ነገር ይመረምራል፤ ደግሞም ማሽላውን ዓመቱን ሙሉ ለምጣድና ለመጋገሪያ እንዴት ማዋል እንደሚቻል ያመለክታል። በጅጅጋ፥ በሐረርጌ፥ በወሎና በራያ ማሽላ ለሚያመርቱና ለሚጋግሩ ወገኖቻችንም ጉዳዩ አንድ ነው። (ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።)

ሐርጌሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ደጋ ቀመስ ከተማ ናት። በ19ኛው መቶ ዓመት ሼኽ መዳር የተባሉት የሃይማኖት አባት ማኅበራቸውን በዚያ ባቋቋሙ ጊዜ፥ የማኅበሩ ሰዎች በሸለቆው ዳር ማሽላ ይዘሩ ነበር። ከብት አርቢ በበዛበት አገር እርሻ የተስፋፋው እንዲህ ካሉ ሰፈሮች ጭምር ነው። ዝናቡ በዓመት ወደ 400 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፥ ይህ ለጤፍም ለስንዴም የሚያስተማምን አይደለም። ማሽላ ግን ድርቅ በመጣ ጊዜ ቅጠሉን ጠቅልሎ ይቈይና፥ ዝናብ ሲመለስለት እንደ ገና ያድጋል። ስለዚህ ለዚያ ምድር የተፈጠረ እኽል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የሱማሌ ዓመት በአራት ወቅት ይከፈላል። ጉእ የተባለው ዋናው ዝናብ ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ሰኔ ይዘንማል፤ ማሽላው የሚዘራው በዚህ ጊዜ ነው። ቀጥሎ ነፋሻው ሐጋ ይመጣል፤ ይሁን እንጂ በምዕራቡ በኩል በሐምሌና በነሐሴ ከራን የሚባል ሁለተኛ ዝናብ አለ፤ ማሽላው ፍሬ የሚይዘው በዚህ በከራን ነው። ከዚያ ዴር የተባለው አጭር ዝናብ አለ፤ በኅዳር ገደማ አዝመራው ይሰበሰባል። በመጨረሻ ጂላል ይገባል፤ ይህም ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ያለው ደረቅ ወራት ነው። ከራን ከቀረ ጉእ ብቻውን ጎተራ አይሞላም። የገቢሌን ገበሬ በሐምሌ ወር ሰማዩን እያየ ሲያስብ ብታገኙት ምክንያቱ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ነገሩ እንግባ። የከተማው ሰው ማሽላን የተወው ስለጠላው አይደለም። በ1988 በተነሣው ጦርነት ሐርጌሳ በአውሮፕላንና በመድፍ ፈርሳ፥ ሕዝቡ ድንበር ተሻግሮ በጅጅጋ አጠገብ በሐርተሼኽ ሜዳ ተጠልሎ ነበር። ያ ሰፈር እስከ 2004 ድረስ ቈየ። በመጠለያ ለሚኖር ሰው ከሚሰፈርለት እኽል አንዱ ስንዴ ነው። በስደት ያደገ ልጅ የስንዴ ዳቦ ቢለምድ የሚወቀስበት አይደለም። ተመላሹ ገበሬም ማሳውን ፈንጂ ተቀብሮበት ያገኘበት ቦታ ነበር፤ ሔሎ ትረስት የተባለው ድርጅት ከ1999 ጀምሮ በሱማሌላንድ ፈንጂ ሲያነሣ ቈይቷል። በዚህ ሁሉ ላይ የስንዴ ዱቄት ተፈጭቶና ተነፍቶ በከረጢት ይሸጣል። ማሽላ ግን መለቀም፥ መሸክሸክ፥ መፈጨት፥ ማታ መቦካት ይፈልጋል። ከገበያ ውላ የምትገባ የቤት እመቤት የትኛውን እንደምትመርጥ ለመገመት አያስቸግርም።

ነገር ግን በ1 ዱቤ የሚመጣ ምቾት በሌላ ጊዜ ዕዳው ይከፈላል። በ2022 የካቲት ወር ሩሲያ ዩክሬይንን በወረረች ጊዜ፥ ሶማሊያ ስንዴዋን ከሞላ ጎደል ከእነዚህ ከሁለቱ አገሮች ከሚገዙት መካከል እንደ ሆነች በተባበሩት መንግሥታት የንግድና የልማት ጉባኤ ተገልጾ ነበር። በሱማሌ ጠረፍ ሁሉ የዱቄት ዋጋ ወጣ። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ዝናቡ በተከታታይ ወቅቶች እየጐደለ ስለነበረ ድርቁም አብሮ ተጨመረ። በዚያው ዓመት በሚያዝያ 1 ቀን ሌሊት፥ የረመዳን ጾም ሊገባ ዋዜማ፥ ዋሄን የተባለው የሐርጌሳ ትልቁ ገበያ በእሳት ወደመ። በአንድ ወራት ሦስት ነገር ተደራርቦ ሲመጣ፥ በጓዳው የአገሩ ማሽላ ያለበት ቤትና ቀን በቀን ዱቄት የሚሸምት ቤት እኩል አይፈተኑም።

እንግዲህ የነገሩ ሥር ያለው በማሳው ብቻ ሳይሆን በማከማቻው ላይ ነው። በኅዳር የታጨደ እኽል እስከ ሚያዝያ ካልቈየ፥ ጋጋሪዪቱ ብትፈልገውም አታገኘውም። ገበሬውም ነቀዝ እንዳይጨርስበት በመከር ወራት በርካሽ ይሸጠዋል፤ በጉእ ደግሞ ራሱ በውድ ይገዛል። ስለዚህ ስለ ጉድጓዱ ጥቂት ዘርዘር አድርገን እንናገራለን።

በዚያ አገር ማሽላ የሚቀመጥበት የመሬት ጉድጓድ በካር ይባላል። በሐረርጌም ይኸው ልማድ አለ። ውኃ በማይተኛበት ከፍ ባለ ስፍራ አፉ ጠበብ፥ ሆዱ ሰፋ ተደርጎ ይቈፈራል፤ ግድግዳውና ወለሉ በገለባ ይለበጣል፤ እኽሉ ከገባ በኋላ አፉ በገለባና በአፈር ይደፈናል። አሠራሩ ተራ ቢመስልም ጥበብ አለው። በተደፈነው ጉድጓድ ውስጥ እኽሉና ተባዩ አየሩን እየተነፈሱ ሲጨርሱት፥ በምትኩ የተቃጠለ አየር ይሞላል፤ ነቀዙም ታፍኖ ይሞታል። መድኀኒት ሳይገዛ፥ መርዝ ከእኽል ጋራ ሳይቀላቀል እኽል ይጠበቃል ማለት ነው።

የበካር ጠላቱ እርጥበት ነው። ያልደረቀ እኽል ከገባ፥ ወይም የጉድጓዱ ግድግዳ ላብ ካወጣ፥ በዳር ያለው እኽል ይሻግታል። ስለሆነም ከመክተት በፊት ፍሬውን በጥርስ መስበር ነው፤ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል፥ ከተላመጠ አልደረቀም። ሌላም ቀላል ፈተና አለ። ንጹሕ ደረቅ ጠርሙስ ሲሦው ድረስ እኽል ይሞላና፥ አንድ ሁለት ማንኪያ በፀሐይ የደረቀ ጨው ይጨመርበታል፤ ተከድኖ ደኅና አድርጎ ከተነቀነቀ በኋላ ጥቂት ይቈያል። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ እኽሉ ገና ውኃ አለበትና ወደ አውድማ ይመለስ። ከገለባው በስተኋላ ወፍራም ላስቲክ ማልበስም ዛሬ ያልተወደደ ዘዴ ነው። ለከተማ ቤት ደግሞ አየር የማያስገባው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት የበካርን ሥራ በጓዳ ውስጥ ይሠራል፤ ከረጢቱን ግን በመርፌ የወጋ ሰው ሥራውን አፈረሰ።

በዚህ ላይ ሁለት ነገር በብርቱ ማስጠንቀቅ ይገባናል። የመጀመሪያው ገበሬውን ራሱን የሚነካ ነው። ነቀዙን የገደለው አየር ሰውንም ይገድላል። ተደፍኖ የቈየ ጉድጓድ እንደ ተከፈተ ዘሎ የገባ ሰው በጥቂት ትንፋሽ ውስጥ ራሱን ይስታል፤ ሊያወጣው የገባውም ወንድሙ አጠገቡ ይወድቃል። ስለዚህ አፉ ከተከፈተ በኋላ ቢቻል አንድ ቀን ሙሉ ይናፈስ፤ የሚገባውም ሰው በወገቡ ገመድ ታስሮ፥ በላይ ሁለት ጐልማሶች ገመዱን ይዘው ይግባ። ፋኖስ አውርዶ ማየት የቈየ ልማድ ነው፤ ፋኖሱ ከጠፋ መግባት ሞት ነው፤ ባይጠፋም ግን ማናፈሱና ገመዱ አይቀርም። ልጅ ቀጭን ነው፥ በጠባቡ አፍ ይገባል ተብሎ ከቶ አይላክ።

ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ የሻገተውን እኽል የሚመለከት ነው። ከሻጋታው ዐይነት አንዱ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያፈራል። ይህ መርዝ ጉበትን ይጐዳል፤ የልጆችንም ዕድገት ያሰናክላል። ታጥቦ አይለቅም፤ በምጣድ ሙቀትም አይጠፋም። ቀለሙ የተለወጠውን፥ የተጣበቀውንና የሸተተውን እኽል ከመልካሙ ጋራ ቀላቅሎ ማስፈጨት መልካሙንም ማበላሸት ነው። ለላም ይሁን ማለትም አይበጅም፤ መርዙ በወተት ተመልሶ ወደ ሕፃኑ ይመጣልና። የጉድጓዱን ዳር እኽል ለብቻ አውጥቶ መለየት ለቈጣቢ ሰው የሚያምም ቢሆንም፥ ከዚህ ሌላ መንገድ የለም።

ማሽላው ከጉድጓድ ወጣ እንበል። ቀዩ ዐይነት ወፍ የሚፈራው አፍ የሚያደርቅ መራራ ነገር በልባሱ ውስጥ ስላለ ነው። ይህም ለገበሬው ጥቅም ሲሆን ለጋጋሪዪቱ ሥራ ነው። በጥቂት ውኃ እያራሱ በሙቀጫ ሸክሽኮ ገለባውን ማበጠር ያስፈልጋል። ነጩ ብዙ አያስቸግርም፤ እሱም ቢሆን ቀለል ተደርጎ ቢሸከሸክ እንጀራው ይለሰልሳል። ወፍጮ ቤት ሲኬድ “ላም” ተብሎ ይፈጭ፤ ሻካራ የማሽላ ዱቄት የሚበላውን ሰው ጥርስ ያስቀይማል፤ ብዙ ሰው ማሽላን የሚጠላው በእኽሉ ጥፋት ሳይሆን በወፍጮው ጥፋት ነው። የተፈጨውም ከሁለት ሳምንት የሚበልጥ ባይቀመጥ መልካም ነው፤ የማሽላ ዱቄት ቅባት ስላለው በሙቀት ይጐመዝዛል።

ለሖሑን ለመጋገር ለስድስት ሰው የሚሆን መጠን እነሆ። አራት ኩባያ ላም የማሽላ ዱቄትና አንድ ኩባያ የስንዴ ዱቄት ይነፋሉ። ከዚህ ውስጥ አንድ ኩባያ ያህል ወስዶ በሦስት ኩባያ ውኃ እያማሰሉ እንደ ቀጭን ገንፎ ማብሰልና ለብ እስኪል ማቀዝቀዝ ነው። ይህ የአገራችን ሴቶች አብሲት የሚሉት ነው። ማሽላ እንደ ስንዴ ሊጡን የሚያያይዝ ሙጫ ስለሌለው አየሩን አይዝም፤ የበሰለው አብሲት ግን የሙጫውን ሥራ በከፊል ይሠራለታል፤ እንጀራውም ሳይሰነጠቅ ይታጠፋል። የቀረው ዱቄት በለብታ ውኃ ይቦካና አብሲቱና ግማሽ ኩባያ ያለፈው ቀን ቡሖ ይጨመርበታል። እርሾ ከሌለ አንድ የሻይ ማንኪያ የሱቅ እርሾ ይበቃል። ሊጡ ከማንኪያ እንደ ወፍራም እርጎ የሚፈስስ መሆን አለበት።

ማታ የተቦካው ጧት ይጋገራል፤ ሆኖም የሐርጌሳ ወቅት እርሾውንም ያዝዛል። በግንቦትና በሰኔ ሙቀት ስድስት ሰዓት ይበቃዋል፤ ከዚያ ካለፈ ይጐመዝዛል። በታኅሣሥና በጥር ሌሊት ብርዱ ስለሚበረታ እርሾው ይተኛል፤ ስለዚህ እርሾውን እጥፍ አድርጎ ዕቃውን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ በምድጃው አጠገብ ማሳደር ይገባል። እርሾው ሥራውን ሲሠራ ጣዕም ብቻ አይደለም የሚሰጠው። በማሽላ ውስጥ ያለውን ብረት አሥሮ የሚይዝ ፋይቴት የሚባል ነገር አለ፤ መቡካቱ ይህን ይቀንሰዋልና ደም ለጐደላቸው እናቶች የተቦካው ካልተቦካው ቂጣ ይሻላል።

ጨው በጋገሩ ጊዜ ይጨመራል። ዳዎ የተባለው ብረት ምጣድ በደንብ ሲግል በጭልፋ ሊጥ ከመካከሉ ይፈስስና፥ በጭልፋው ጀርባ እየዞሩ ከመካከል ወደ ዳር ይገፋል። በዚህ ከእኛ አጋገር ይለያል፤ እኛ ከዳር ጀምረን ወደ መካከል እንጨርሳለንና። ለሐርጌሳ ልጅ አዲስ የገባች ኢትዮጵያዊት ሠራተኛ በለሖሕ የምትታወቀው በዚህ ነው ቢባል የሚያስቅ ነው፤ እጅ የለመደውን ቶሎ አይተውም። ዐይኑ ሲወጣ ይከደናል፤ በሁለት ደቂቃ ይበስላል፤ አይገለበጥም። ክዳኑ ጥቅሙ ለእንጀራው ብቻ አይደለም፤ ከሰልም ይቈጥባል። የሐርጌሳ ከሰል የሚመጣው ከግራር ዛፍ ስለሆነና ግራሩም እያለቀ ስለሄደ፥ አንድ ክዳን የሚያድነው ጥቂት አይምሰላችሁ።

የስንዴው ድርሻ ከአንድ ኩባያ ወደ ሁለት ቢወጣ እንጀራው ይነጣል፥ ይለሰልሳልም፤ በሐቅ እንነጋገር ከተባለ ልጆች ይህንን ይወዱታል። ስንዴ ጨርሶ ይጥፋ ብለን አንመክርም። የምንለው ስንዴው ማሽላውን ይርዳ እንጂ ማሽላው የስንዴ ቅመም አይሁን ነው። የገቢሌ ገበሬ ከተማው የማይጋግረውን እኽል አይዘራም፤ ማሳውን ለጫት ወይም ለሌላ ያውለዋል። ለሹማምንት የሚሆን ቃል ቢኖር፥ ማሽላ የሚሸከሽክና ላም አድርጎ የሚፈጭ ወፍጮ በየሰፈሩ ቢቋቋም፥ ስለ አገር እኽል ከሚደረገው ንግግር ሁሉ ይበልጥ የእመቤቶችን ምርጫ ይለውጣል።

በጉእ ወራት ሣሩ ሲለመልም የግመልም የላምም የፍየልም ወተት ይበዛል። ወተቱ በታጠነ ዕቃ ይረጋል፤ የሱማሌ ሴቶች የወተቱን ዕቃ በእንጨት ጭስ ማጠናቸው እኛ በወይራ እንደምናጥነው ነው፤ ጭሱ መዓዛ ከመስጠቱም ሌላ ሕዋሳትን ይገድላል። የተረፈው ቅቤ ይነጠርና ለጂላል ይቀመጣል። ሥጋውም በትንንሹ ተከትፎ፥ ደርቆ፥ በቅቤ ተጠብሶ በዚያው ቅቤ ተሸፍኖ ይቀመጣል፤ ሙቅመድ ይሉታል፤ በሰርግ ጊዜ የሚቀርበውም እሱ ነው። ከለሖሕ ጋራ ሲበላ ጥጋቡ እስከ ማታ ነው።

በከራን ወራት የበቈሎ እሸት ይጠበሳል፤ በአረብሲዮና በገቢሌ የወንዝ ዳር አትክልት ቦታዎችም ቲማቲም፥ ሽንኩርት፥ ቃርያ፥ ሎሚ፥ ዘይቱንና ፓፓያ ይደርሳል። ከእነዚህ በስባስ የሚባለው ማባያ ይሠራል፤ እርሱም ቃርያ፥ ነጭ ሽንኩርት፥ ትኩስ ድንብላልና ሎሚ አብሮ የተፈጨ ነው። ቲማቲም በበዛ ጊዜ ገበያ ላይ እንዳይበሰብስ፥ ስስ ተደርጎ ተቈርጦ፥ ጨው ተነስንሶበት በንጹሕ ጨርቅ በፀሐይ ቢደርቅ ለጂላል ወጥ ይሆናል። የአየሩ ደረቅነት ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው።

ማታ ማታ የሚበላው ቀንቡሎ የሚባለው ነው፤ አደንጓሬ የመሰለ ትንሽ ቀይ ጥራጥሬ ተቀቅሎ ቅቤ ወይም የሰሊጥ ዘይትና ስኳር ይጨመርበታል። ከተሸከሸከ ማሽላ ጋራ አብሮ ሊቀቀልም ይችላል። ይህ ለድኻ ቤት ትልቅ ምግብ ነው፤ ማሽላ ላይሲን የሚባለው ገንቢ ነገር ይጐድለዋል፥ ጥራጥሬው ግን አለው፤ አንዱ የሌላውን ይሞላል። በሐርጌሳ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ96 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፥ በጠረፍ በበርበራ ከሚፈጀው ይልቅ ጊዜ ይወስዳል። ማታ ዘፍዝፎ ማሳደር የእሳቱን ሰዓት ያሳጥራል፤ ስኳሩና ጨው ግን ከበሰለ በኋላ ይግባ።

ስለ ብቅልም አንድ ነገር እንበል። የማሽላ ብቅል ለሕፃናት አጥሚት ቢጨመር ያቀጥነዋል፥ ያጣፍጠዋልም። ዳሩ ግን የማሽላ ቡቃያ መርዝ ያለበት ነው። ስለዚህ ብቅሉ በፀሐይ ከደረቀ በኋላ ሥሩና ቡቃያው በእጅ ታሽቶ፥ ተነፍቶ ይጣል፤ ፍሬው ብቻ ተፈጭቶ በደንብ ይብሰል። በዚሁ ምክንያት ድርቅ ያቀጨጨውን ወይም ከታጨደ በኋላ እንደ ገና ያቈጠቈጠውን ለጋ አገዳ ላም እንዳትግጠው እረኛ ይጠንቀቅ፤ በአንድ ጧት ሊገድላት ይችላል።

በመጨረሻ ለበዓል የሚጋገረውን ዶልሾ እንመልከት። ይህ በእንቁላል የሚነፋ ጣፋጭ ዳቦ ሲሆን፥ በኢድ ጊዜ በብዙ የሐርጌሳ ቤት ይጋገራል። ልማዱ በስንዴ ነው፤ ግማሹን በማሽላ መለወጥ ግን ይቻላል። ዘዴው ይህ ነው። አንድ ኩባያ እጅግ ላም የሆነ ነጭ የማሽላ ዱቄት በሦስት ሩብ ኩባያ ለብ ያለ ወተት ተለውሶ ግማሽ ሰዓት ይቀመጥ፤ ይህ ካልተደረገ ዳቦው አሸዋ የገባበት ይመስላል። አራት እንቁላል ከሦስት ሩብ ኩባያ ስኳር ጋራ ነጭ አረፋ እስኪሆን ይመታ። ግማሽ ኩባያ የቀለጠ ቅቤ፥ ቀጥሎም የተለወሰው ማሽላ ይግባ። አንድ ኩባያ የስንዴ ዱቄት ከሁለት የሻይ ማንኪያ የዳቦ ዱቄትና ከአንድ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ሄል ጋራ ተነፍቶ በቀስታ ይቀላቀል፤ ብዙ የተመታ አረፋው ይሞታል።

መጋገሪያ ያለው ሰው በ180 ዲግሪ ከ35 እስከ 40 ደቂቃ ይጋግረው። የሌለው ግን ወፍራም ድስት በቅቤ ቀብቶ፥ ሊጡን ከግማሽ ሳያሳልፍ ሞልቶ፥ በብረት ክዳን ይክደን፤ ከሥሩ ጥቂት ፍም፥ ከክዳኑ ላይ ብዙ ፍም ያድርግ። ከሥር ፍም የበዛበት ያርራል፥ መካከሉም ሳይበስል ይቀራል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ስንጥር ተወግቶ ደረቅ ሆኖ ከወጣ በስሏል። ከድስቱ ከወጣ በኋላም በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ እስኪቀዘቅዝ ይቈይ፤ ማሽላ የገባበት ዳቦ በትኵሱ ከተቈረጠ ይፈረፈራልና።